የፈንድ ሎቢው በዋሽንግተን፤ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ባለፈው እትም በጡረታ ቁጠባ ሒሳቦች ላይ ስለሚቆረጡ ክፍያዎች ካወጣነው ጽሑፍ በኋላ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጥያቄ ያዘነብላሉ፤ ገንዘባችንን የሚያስተዳድሩት ኩባንያዎች በሎቢ፣ ማለት በማግባባት ሥራ፣ በሕግ አውጪው ደጅ ምን ያስፈጽማሉ የሚል። ስድስቱን መርጠን፣ አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በ401ኬ፣ በመሥሪያ ቤቴ የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ፣ ለ12 ዓመት ቆጥቤያለሁ። የፈንድ ኩባንያዬ በላከልኝ ደብዳቤ ላይ «የቆጣቢዎችን ጥቅም ለማስጠበቅ በዋሽንግተን እንሟገታለን» ይላል። እውነት የሚሟገቱት ለእኔ ነው? (ሰ. መ.፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ አንዳንድ ጊዜ፣ አዎ። የፈንድ ኩባንያ የሚኖረው በእጁ ካለው ሀብት ላይ በየዓመቱ በመቶኛ በሚቆርጠው ክፍያ ነው። ስለዚህ የተጠራቀመውን ገንዘብ የሚያሳድግ ሕግ ሲመጣ እርስዎና ኩባንያው በአንድ ወገን ትቆማላችሁ። ክፍያውን የሚነካ፣ ወይም ማን ምን እንዲሸጥልዎ እንደሚፈቀድ የሚወስን ሕግ ሲመጣ ግን መንገዳችሁ ይለያያል።

የዘርፉ ዋና ድምፅ ኢንቨስትመንት ካምፓኒ ኢንስቲትዩት፣ በአጭሩ አይሲአይ ነው። ሥሩ የኢንቨስትመንት ኩባንያዎች ሕግ ወደወጣበት ወደ 1940 ይመለሳል። ያንን ሕግ ራሱን የዘርፉ ሰዎችና የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን፣ ኤስኢሲ፣ ተደራድረው የተስማሙበት ስለነበር ዘርፉ ከመጀመሪያውም ከጠረጴዛው አልራቀም። አባላቱ የሚውቿል ፈንድ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ የሚያፈስ ፈንድ) እና የኢቲኤፍ (ድርሻው እንደ አክሲዮን በገበያ የሚገዛና የሚሸጥ ፈንድ) ድርጅቶች ናቸው። መዋጮው ዞሮ ዞሮ እርስዎ ከሚከፍሉት ክፍያ የሚወጣ ነው።

ጥቅማችሁ የገጠመበትን ቦታ እንይ። በ2017 የታክስ ማሻሻያ ሲረቀቅ ከታክስ በፊት ወደ 401ኬ የሚገባው ገንዘብ ዝቅ ያለ ጣሪያ እንዲበጅለት ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ዘርፉ አጥብቆ ተቃወመ፤ ሐሳቡም ቀረ። እዚያ ላይ የተሟገቱት ለእርስዎም ነበር።

የኢቲኤፍ ጉዳይ ትንሽ ይጠመዝዛል። ኢቲኤፍ ድርሻ ሲመለስለት ጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ በውስጡ ያሉትን አክሲዮኖች ራሳቸውን ለትልቅ ደላላ ማስረከብ ይችላል። በታክስ ሕጉ አንቀጽ 852(ቢ)(6) መሠረት በዚህ ርክክብ ላይ ያለው የዋጋ ጭማሪ በፈንዱ ላይ ታክስ አያስከትልም። ስለዚህ የኢቲኤፍ ባለቤት ምንም ሳይሸጥ በዓመቱ መጨረሻ የካፒታል ጌይን (ከሀብት ዋጋ ጭማሪ የሚገኝ ትርፍ) ታክስ እምብዛም አይመጣበትም። በሴፕቴምበር 2021 የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሮን ዋይደን ይህን አንቀጽ ለመሰረዝ ረቂቅ አቀረቡ። አይሲአይ «ተራውን ቆጣቢ ይጎዳል» ብሎ ተቃወመ፤ ረቂቁም ሕግ ሳይሆን ቀረ። ልብ ይበሉ፤ በ401ኬም ሆነ በአይአርኤ (በግል የጡረታ ሒሳብ) ውስጥ ላለ ገንዘብ ይህ አንቀጽ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም፤ የዚያ ሒሳብ ታክስ ለጡረታ የተላለፈ ወይም አስቀድሞ የተከፈለ ነውና። የሚጠቀመው ከጡረታ ሒሳብ ውጭ አክሲዮን ማከማቸት የቻለ ሰው ነው።

የተለያያችሁበት ግልጽ ቦታ የምክር ደንቡ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር በኤፕሪል 2016 ያወጣው ደንብ በጡረታ ገንዘብ ላይ የሚያማክር ሰው የደንበኛውን ጥቅም ከራሱ ኮሚሽን እንዲያስቀድም ያስገድድ ነበር። «401ኬዎን ወደ አይአርኤ ያዛውሩ» የሚለው ምክር ሳይቀር በዚህ ሥር ይወድቃል። የኋይት ሐውስ የኢኮኖሚ አማካሪዎች ምክር ቤት በ2015 ባወጣው ግምት የራሱ ጥቅም ያለበት አማካሪ የሚሰጠው ምክር የቆጣቢውን ትርፍ በዓመት በ1 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ይቀንሳል፤ በአገር ደረጃ ሲደመር በዓመት ወደ 17 ቢሊዮን ዶላር። ዘርፉ ስሌቱን አልተቀበለም። የንግድ ምክር ቤቱ ከደላሎችና ከኢንሹራንስ ማኅበራት ጋር ከሰሰ፤ በማርች 2018 አምስተኛው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደንቡን 2 ለ 1 ሻረው። በ2024 የወጣው ተተኪ ደንብም ሥራ ላይ ሳይውል በጁላይ ወር ቴክሳስ ባሉ ፍርድ ቤቶች ታገደ።

አንድ በመቶ ምን ያህል ነው ለሚል ሰው፦ 100,000 ዶላር ለ20 ዓመት በዓመት 6 በመቶ ቢያድግ፣ ክፍያው 0.05 በመቶ ከሆነ መጨረሻው 317,700 ዶላር ገደማ ነው። ክፍያው 1 በመቶ ከሆነ ደግሞ 265,300። ልዩነቱ ከ52,000 ዶላር በላይ ነው። ሎቢው የሚሟገተው የትኛውን ወገን ይዞ እንደሆነ ለማወቅ ከደብዳቤው ይልቅ ይህን ቁጥር ይዩ።

ጥያቄ፦ ኡበር እሠራለሁ። በየዓመቱ ከገቢ ታክሱ ሌላ የራስ ሥራ ታክስ እከፍላለሁ። ሚሊዮኖች የሚያገኙት የፈንድ አስተዳዳሪዎች ግን «ካሪድ ኢንተረስት» በሚባል ነገር ዝቅ ያለ ታክስ እንደሚከፍሉ ሰማሁ። ሁለቱም ፓርቲዎች እናስቀረዋለን ሲሉ ነበር። ለምን አልቀረም? (ዳ. ገ.፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ)

መልስ፦ አሠራሩን እናስቀድም። የፕራይቬት ኢኩዊቲ ፈንድ (ኩባንያዎችን ገዝቶ ቆይቶ የሚሸጥ ፈንድ) አስተዳዳሪ በተለምዶ ሁለት ገቢ አለው። አንደኛው በሀብቱ ላይ በዓመት 2 በመቶ ገደማ የሚታሰብ የማኔጅመንት ክፍያ ነው። ይህ እንደ ማንኛውም የሥራ ገቢ ታክስ ይከፈልበታል። ሁለተኛው ከትርፉ 20 በመቶ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ባለገንዘቦቹ አስቀድመው 8 በመቶ ካገኙ በኋላ የሚታሰብ። ካሪድ ኢንተረስት የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። አስተዳዳሪው ያፈሰሰው የራሱ ገንዘብ ባይሆንም ድርሻው እንደ ካፒታል ጌይን ይቆጠርለታል።

በቁጥር፦ በ10 ሚሊዮን ዶላር ድርሻ ላይ የረጅም ጊዜ ካፒታል ጌይን ታክስ 20 በመቶ፣ ማለት 2 ሚሊዮን ነው። ደመወዝ ቢሆን ኖሮ ከፍተኛው ምጣኔ 37 በመቶ፣ ማለት 3.7 ሚሊዮን ይሆን ነበር። በዚያ ላይ ከፍተኛ ገቢ ላለው የሚጨመረው የ3.8 በመቶ ታክስ በሁለቱም በኩል አቻ ስላለው ልዩነቱን አይለውጠውም። እርስዎ ግን ከተጣራ ገቢዎ 92.35 በመቶው ላይ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ ከመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ይከፍላሉ። ካሪድ ኢንተረስት ላይ ይህ የለም።

ሙከራዎቹ ብዙ ናቸው። ተወካይ ሳንደር ሌቪን በ2007 ረቂቅ አቀረቡ፤ የተወካዮች ምክር ቤቱ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ደጋግሞ አጸደቀው፤ ሴኔቱ ጋ ሲደርስ ግን ይሞታል። በ2017 የወጣው ሕግ አንቀጽ 1061ን ጨመረ፦ ዝቅተኛውን ምጣኔ ለማግኘት ሀብቱ ከ3 ዓመት በላይ መያዝ አለበት። ለሚሰማ ሰው ጥብቅ ይመስላል። ነገር ግን የፕራይቬት ኢኩዊቲ ፈንድ አንድን ኩባንያ ገዝቶ እስኪሸጥ በልማዱም ከ3 ዓመት በላይ ይቆያል። ገደቡ የነካው በአብዛኛው ቶሎ ቶሎ የሚገዙትንና የሚሸጡትን ሄጅ ፈንዶች ነው። ሎቢ ሲሳካለት እንዲህ ነው፤ አንቀጹ ይወጣል፣ ዜናውም ይነገራል፣ የሚከፍለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በ2022 ክረምት ነገሩ ተቃርቦ ነበር። የዋጋ ንረት ቅነሳ ሕግ ተብሎ የታወቀው ረቂቅ 3ቱን ዓመት ወደ 5 የሚያሳድግ አንቀጽ ነበረው፤ በ10 ዓመት 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኛል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ሴኔቱ 50 ለ 50 ስለነበር የአንዲት ሴናተር ድምፅ ሁሉንም ይወስን ነበር። የአሪዞናዋ ክርስተን ሲኔማ አንቀጹ ካልወጣ አልደግፍም አሉ። ወጣ። በምትኩ ኩባንያዎች የራሳቸውን አክሲዮን መልሰው ሲገዙ የ1 በመቶ ታክስ ተጣለ። ብዙ ሰው ያላየው ደግሞ የመጨረሻው ሰዓት ነው። በአዲሱ የ15 በመቶ ዝቅተኛ የኩባንያ ታክስ ስሌት በፕራይቬት ኢኩዊቲ ሥር ያሉ ኩባንያዎች ገቢ አንድ ላይ እንዳይደመር የሚያደርግ ማሻሻያ በሴናተር ጆን ቱን አቅራቢነት በዚያው የድምፅ መስጫ ማራቶን አለፈ። በ2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ካሪድ ኢንተረስት እንዲቀር በድጋሚ ጠየቁ፤ ጁላይ 4 የፈረሙት ሰፊ የታክስ ሕግ ግን አልነካውም።

እንግዲህ ምክንያቱ፦ የሚያጣው ወገን ጥቂት፣ የተደራጀና ብዙ የሚያጣ ነው፤ የሚያተርፈው ሕዝብ ደግሞ በነፍስ ወከፍ የሚያተርፈው ሳንቲም ነው። ለ14 ቢሊዮን በ10 ዓመት ብሎ ሰልፍ የሚወጣ የለም።

ጥያቄ፦ እነዚህ ማኅበራት ምን ያህል እንዳወጡና ስለ ምን እንደተነጋገሩ እኔ ራሴ ማየት እችላለሁ? (ት. ወ.፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ)

መልስ፦ ይችላሉ፤ በነጻ። በ1995 የወጣውና በ2007 የጠበቀው የሎቢ መግለጫ ሕግ በየ3 ወሩ ኤልዲ-2 የተባለ ቅጽ እንዲቀርብ ያስገድዳል። የማስረከቢያው ቀን ኤፕሪል 20፣ ጁላይ 20፣ ኦክቶበር 20 እና ጃንዋሪ 20 ነው። ለምርጫ ዘመቻ የተሰጠ መዋጮ በኤልዲ-203 በዓመት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። በሴኔቱ የሎቢ መግለጫ ድረ ገጽ የድርጅቱን ስም ይጻፉ፤ ዓመትና ሩብ ዓመት ይምረጡ፤ ቅጹን ይክፈቱ።

ቅጹን ሲከፍቱ መጀመሪያ ገንዘቡን ሳይሆን የገንዘቡን ሣጥን ይዩ። ገቢ የሚለው በቅጥር ለሚሠራ የሎቢ ድርጅት ነው፤ ወጪ የሚለው በራሱ ሠራተኞች ለሚሠራ ማኅበር። ማኅበሩ ለቀጠረው የውጭ ድርጅት የከፈለው በራሱ ወጪ ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። ሁለቱን የደመረ ሰው አንዱን ዶላር ሁለት ጊዜ ቆጠረ ማለት ነው። ጋዜጦች ሳይቀሩ የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። የተሻሻለ ቅጽ ካለም ሁለቱን አይደምሩ፤ የኋለኛው የፊተኛውን ይተካል።

ቀጥሎ የስሌት ዘዴውን ይዩ። ማኅበራት ከሦስት አንዱን ይመርጣሉ። ዘዴ ሀ የሎቢ ሕጉን ትርጉም ይከተላል፤ የፌዴራሉን ብቻ ይቆጥራል። በታክስ ሕጉ አንቀጽ 162(ኢ) የሚሰላው ዘዴ ግን በክፍላተ አገር ደረጃ የተደረገውንና ሕዝብን ለመቀስቀስ የወጣውንም ያካትታል። ስለዚህ የሁለት ማኅበራትን ቁጥር ጎን ለጎን ከማስቀመጥዎ በፊት ዘዴያቸው አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ከዚያ የጉዳዩ ኮድ አለ፤ የፋይናንስ፣ የታክስ፣ የጡረታ። በሥሩ የረቂቁ ቁጥርና አጭር መግለጫ ይገኛል። ተነጋገሩ የተባለው ሴኔት፣ ምክር ቤት፣ ኤስኢሲ፣ ግምጃ ቤት ተብሎ በተቋም ይጻፋል እንጂ የየትኛው ሴናተር ቢሮ እንደሆነ አይገለጽም። ደገፉ ወይስ ተቃወሙ የሚለውም የለም። የሎቢስቶቹ ስም ግን አለ፤ በቅርብ ዘመን ይዘውት የነበረው የመንግሥት ሥልጣንም ጭምር። ያቺን ረድፍ ሳያነቡ አይለፉ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረታችን በዋሽንግተን ተገልብጦ ይሠራል፤ እዚያ የሚበላው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ ነው። የቀድሞ ሴናተር 2 ዓመት፣ የቀድሞ ተወካይ ደግሞ 1 ዓመት ጠብቀው ኮንግረሱን ራሱን ሎቢ ማድረግ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ቁጥሩ ምን እንደማያካትት ይወቁ። ከሥራ ሰዓቱ ለአንድ ደንበኛ ከ20 በመቶ በታች የሚያውል ሰው ሎቢስት ተብሎ መመዝገብ አይጠበቅበትም። በረቂቅ ደንብ ላይ በይፋ የገባ የጽሑፍ አስተያየት እንደ ሎቢ አይቆጠርም። ክስም አይቆጠርም። የዘርፉ ትልልቅ ድሎች ደግሞ የመጡት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው። በኦገስት 2023 ኤስኢሲ የፕራይቬት ፈንዶች አስተዳዳሪዎች ክፍያቸውን በየ3 ወሩ ለባለገንዘቦች እንዲገልጹ ደንብ አወጣ። የሄጅ ፈንዱና የፕራይቬት ኢኩዊቲው ማኅበራት በአንድነት ከሰሱ። ሕጉ ከሳሹ ባለበት አካባቢ ይግባኝ ፍርድ ቤት ማመልከት ስለሚፈቅድ ጉዳዩ ኒው ኦርሊንስ ወዳለው አምስተኛው ፍርድ ቤት ሄደ፤ ጁን 5 ቀን 2024 ደንቡ ሙሉ በሙሉ ተሻረ። ያ ሁሉ የጠበቃ ሒሳብ በኤልዲ-2 ላይ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ቁጠባዬን መኒ ማርኬት ፈንድ ውስጥ አስቀምጫለሁ። «ገንዘብ ሲያወጡ ቅጣት የሚያስከፍል አዲስ ደንብ ወጥቷል» የሚል ወሬ አለ። ልጨነቅ? (ሐ. አ.፣ ሲያትል)

መልስ፦ አይጨነቁ። የመንግሥት ቦንድ የሚይዝ ወይም ለግለሰቦች ብቻ የተዘጋጀ ፈንድ ከሆነ ያ የግዴታ ክፍያ አይመለከትዎትም።

ታሪኩ ይህ ነው። መኒ ማርኬት ፈንድ ገንዘቡን በአጭር ጊዜ የዕዳ ሰነዶች ላይ የሚያደርግ ፈንድ ነው። በሴፕቴምበር 2008 ከእነዚህ አንዱ፣ ሪዘርቭ ፕራይመሪ ፈንድ፣ ከከሰረው ባንክ ከሌማን ብራዘርስ 785 ሚሊዮን ዶላር የዕዳ ሰነድ ይዞ ተገኘ፤ 1 ዶላር ይባል የነበረው ድርሻው 97 ሳንቲም ሆነ። ሁሉም ገንዘቡን ለማውጣት ተሯሯጠ፤ ግምጃ ቤቱ ዋስትና ሰጥቶ አረጋጋው። ከዚያ በኋላ የመጣውን እያንዳንዱን ማሻሻያ ዘርፉ ታግሏል። በ2012 የኤስኢሲ ሊቀ መንበር የነበሩት ሜሪ ሻፒሮ ከአምስቱ ኮሚሽነሮች ሦስቱ እንደማይደግፏቸው ስላወቁ ዕቅዳቸውን ለድምፅ እንኳ ሳያቀርቡ ተዉት። በ2014 የወጣው ደንብ ፈንዱ ሲዳከም በሩን እንዲዘጋ፣ ማለት ገንዘብ ማውጣትን ለጊዜው እንዲያግድ፣ ፈቀደ። በማርች 2020 ደግሞ ያ በር ራሱ ሰዎች ሳይዘጋባቸው ለመውጣት እንዲሮጡ አደረጋቸው።

በጁላይ 2023 የጸደቀው ደንብ በሩን አስቀረ። በአንድ ቀን በጥሬ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችለውን ሀብት ከ10 ወደ 25 በመቶ፣ የሳምንቱን ከ30 ወደ 50 በመቶ አሳደገ። ኤስኢሲ መጀመሪያ ያቀረበው፣ ብዙ ሰው በወጣ ቀን የድርሻውን ዋጋ ራሱን ዝቅ የሚያደርገው ስሌት በዘርፉ ተቃውሞ ወደቀ፤ በምትኩ ለድርጅቶች በተዘጋጁት ፕራይም (በዋናነት የኩባንያ ዕዳ በሚይዙት) ፈንዶች ላይ በአንድ ቀን የወጣው ከ5 በመቶ ሲያልፍ የሚቆረጥ ክፍያ መጣ። የሰሙት ወሬ ከዚያ ነው። የፈንድዎን ዓይነት በፕሮስፔክተሱ (በፈንዱ መግለጫ ሰነድ) የመጀመሪያ ገጾች ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ እኔ ተራ ሰው በረቂቅ ደንብ ላይ አስተያየት ብጽፍ የሚያነበው አለ? (እ. በ.፣ ኦክላንድ)

መልስ፦ አለ፤ ማንበብ ግዴታው ነው። ክብደት ላለው አስተያየት መልስ ያልሰጠ መሥሪያ ቤት ደንቡ በፍርድ ቤት ሊወድቅበት ይችላል። የዘርፉ ጠበቆች ረጃጅም ደብዳቤ የሚጽፉት ለኮሚሽነሩ ብቻ አይደለም፤ ወደፊት ለሚቀርበው ክስ መረጃ እያስቀመጡ ነው።

ጊዜው አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 60 ቀን ነው። ለኤስኢሲ ሲጽፉ ኤስ7 ብሎ የሚጀምረውን የፋይል ቁጥር ከላይ ያስቀምጡ። በረቂቁ ውስጥ ኮሚሽኑ ራሱ ቁጥር ሰጥቶ የጠየቃቸው ጥያቄዎች አሉ፤ ሁለት ወይም ሦስቱን ይምረጡና በቁጥራቸው ይመልሱ። ከራስዎ ሒሳብ ቁጥር ያቅርቡ፤ ስንት ክፍያ እንደተቆረጠ፣ ትእዛዝዎ በስንት ሰዓት እንደተፈጸመ። በ2022 ሚውቿል ፈንዶች ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የደረሰ ትእዛዝ በዕለቱ ዋጋ እንዳይፈጽሙ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የ401ኬ ሒሳብ ያዦች የሠራተኞችን ትእዛዝ ሰብስበው ከዚያ ሰዓት በኋላ ስለሚልኩ፣ የሚጎዳው ሠራተኛው እንደሆነ ያስረዱ ደብዳቤዎች ክብደት ነበራቸው። ሐሳቡም ሥራ ላይ አልዋለም። እዚህ ላይ ዘርፉ ትክክል ነበር።

ከድረ ገጽ ተገልብጦ የሚላክ ተመሳሳይ ደብዳቤ ግን አይጠቅምም፤ ኤስኢሲ «የደብዳቤ ዓይነት ኤ» ብሎ አንዱን ለጥፎ ቅጂው ስንት እንደሆነ ይቆጥራል። የላኩት እንዳለ ለሕዝብ ስለሚለጠፍ የቤት አድራሻና የሒሳብ ቁጥር አይጻፉ።

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ዜግነት ይዤ አዲስ አበባ ተመልሻለሁ። እዚህም የካፒታል ገበያ ተከፍቷል። የፈንድ ደንቦች ሲወጡ እንዴት ልከታተል? የአሜሪካ ታክስስ? (ዮ. ተ.፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ በኢትዮጵያ እንደ አሜሪካው ያለ የሎቢስቶች መዝገብ የለም። ገበያው በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ቆሞ፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። መመሪያ የሚያወጣው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደግሞ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት ረቂቅ መመሪያውን ይፋ አድርጎ አስተያየት እንዲቀበል፣ የጸደቀውንም ፍትሕ ሚኒስቴር እንዲያስመዘግብ ያዛል። ስለዚህ መመሪያ ሲያሳዩዎ የምዝገባ ቁጥሩን ይጠይቁ፤ ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ አይሆንም።

የአሜሪካውን በተመለከተ፣ ከአሜሪካ ውጭ የተቋቋመ የጋራ ኢንቨስትመንት ፈንድ ድርሻ ከመግዛትዎ በፊት ቆም ይበሉ። ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ሕግ እንዲህ ያለውን ፈንድ ፒፊክ ብሎ ይጠራዋል። በጊዜው የተለየ ምርጫ ካላደረጉ፣ ሲሸጡ የሚያገኙት ትርፍ በያዙባቸው ዓመታት ላይ ተከፋፍሎ ላለፉት ዓመታት ድርሻ በከፍተኛው ምጣኔ፣ ከወለድ ጋር ታክስ ይታሰብበታል። በካፒታል ጌይን ቅናሹ አይጠቀሙም። ለእያንዳንዱ ፈንድ በየዓመቱ ቅጽ 8621 ለየብቻ ይሞላል፤ የሁሉም ድምር በዓመቱ መጨረሻ ከ25,000 ዶላር የማይበልጥ፣ በጋራ ለሚያስገቡ ባልና ሚስት ከ50,000 የማይበልጥ ከሆነ፣ በዓመቱም ከልክ ያለፈ ክፍፍልም ሆነ የሽያጭ ትርፍ ካልነበረ ግን ከቅጹ ነጻ ነዎት። የአንድ ኩባንያ አክሲዮን፣ ለምሳሌ እንደ ቢራ ፋብሪካ ያለ ሥራ ላይ የተሰማራ ድርጅት ድርሻ፣ በተለምዶ በዚህ ውስጥ አይገባም። ባንክ ሲሆን ግን የታክስ ባለሙያ ሳያማክሩ አይግዙ።